ሁለቱም ጉርሻ የማይሠራበት ከተማ፦ ቶኪዮ ላይ ካፌና ምግብ ቤት ገብቶ ለመብላት

በአማርኛ ጉርሻ ሁለት ነው። አንደኛው አፍ ውስጥ የሚገባው፣ ሁለተኛው አስተናጋጅ እጅ ላይ የሚቀመጠው። ቶኪዮ ላይ ሁለቱም አይሠሩም።

ምግብን ከራስ ቾፕስቲክ (ጃፓኖች የሚበሉባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች) ወደ ሌላ ሰው ቾፕስቲክ ማቀበል እዚያ ክፉ ምልክት ነው። ጃፓኖች አስከሬን ያቃጥላሉ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የሟቹን አጥንት በቾፕስቲክ እያነሣና እየተቀባበለ ማሰሮ ውስጥ ያኖራል። ማዕድ ላይ እንዲያ ሲደረግ የሚታያቸው ቀብር ነው። ገንዘቡን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ብትወጡ አስተናጋጇ የረሳችሁት መስሏት ትከተላችኋለች። የኔዋ እስከ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ድረስ ሮጣ ደረሰችብኝ። ሁለት የመቶ የን ሳንቲሞች በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠችኝ። አመስግኜ ከመቀበል ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል?

ወደ ጃፓን የሚሄደው ሐበሻ ጥቂት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ድረስ ይበራል። ለትምህርት፣ ለሥልጠና፣ ለንግድ የሚሄድ አለ። ከማውቃቸው ብዙዎቹ ግን ከሆቴላቸው አጠገብ ካለ ሱቅ ዳቦና ሙዝ እየገዙ ክፍላቸው ውስጥ በልተው ነው የተመለሱት። ምግቡን ፈርተው አይደለም። አገባቡን ስላላወቁ ነው። ይሄ በጣም ይቆጨኛል። አንድ ሺህ የን አካባቢ ይዞ የሚገባ ሰው በክብር የሚስተናገድበትና ጥሩ ምሳ የሚበላበት ከተማ እኮ ነው። ስለዚህ ከበሩ እስከ ሂሳቡ ድረስ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ አድርጌዋለሁ።

1. ምርጫውን በር ላይ ጨርሱ

አዲስ አበባ ላይ ገብተን እንቀመጣለን፣ ከዚያ "ምን አላችሁ?" እንላለን። ቶኪዮ ላይ ይሄ ይገለበጣል። ብዙ ምግብ ቤት ያለውን ሁሉ መስኮቱ ላይ ደርድሮ ያሳያችኋል። የምታዩት ግን እውነተኛ ምግብ ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ አምሳያ ነው። የሾርባው ላይ ዘይት ሳይቀር ያብረቀርቃል። ስልካችሁን አውጡና የፈለጋችሁትን ከነዋጋው ፎቶ አንሱ። ገብታችሁ ፎቶውን ማሳየት ብቻ ነው። ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም።

በሩ ላይ አጭር የጨርቅ መጋረጃ ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው። መጋረጃው ከሌለ፣ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ፣ ዝግ ነው። የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤቶች ዘግተው ለእራት 11 ሰዓት ላይ ይከፍታሉ። እኛ ሀገር 9 ሰዓት ላይ ምሳ መብላት ብርቅ አይደለም። እዚያ ግን በር ታንኳኳላችሁ። በተቻለ መጠን ምሳ ላይ ጥገቡ። እራት ላይ በእጥፍ የሚከፈልበት ቤት ምሳ ላይ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ዋና ምግብና አትክልት በአንድ ትሪ አድርጎ በርካሽ ያቀርባል። ቴይሾኩ ይባላል።

ዋጋው ላይ ሁለት ቁጥር ካያችሁ አንዱ ያለ ቀረጥ፣ አንዱ ከነቀረጡ ነው። የምትከፍሉት ትልቁን ነው። ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ ተቀምጦ ለሚበላ ቀረጡ 10 በመቶ፣ ይዞ ለሚሄድ 8 በመቶ ሆኗል። ካፌ ውስጥ "እዚህ ነው ወይስ ይዘው ይሄዳሉ?" ብለው ቀድመው የሚጠይቁት አንድም ለዚህ ነው።

2. ስንት እንደሆናችሁ በጣት አሳዩ

በሩን ስትከፍቱ ቤቱ ሙሉ "ኢራሻይማሴ!" ብሎ ይጮሃል። እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። መልስ አይፈልግም። አንገት ጎንበስ ማድረግ ይበቃል። ባዶ ወንበር አይታችሁ ዘው ብላችሁ አትቀመጡ። ቆማችሁ ጠብቁ። ስንት እንደሆናችሁ ይጠይቃሉ፣ በጣት ታሳያላችሁ፣ ቦታ ይሰጧችኋል።

አንድ ጣት ማሳየት አያሳፍርም። "ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል" እየተባልን ላደግን ሰዎች ይሄ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ቶኪዮ ላይ ግን ብቻውን የሚበላ ሰው የተለመደ እንግዳ ነው። ወጥ ቤቱን ፊት ለፊት የሚያይ ረጅም ባንኮኒ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ብቻውን የመጣ ሰው የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ጎን ለጎን አሥር ሰው ዝም ብሎ ይበላል። ማንም ማንንም አያይም። ከባዱ ከብዙ ሰው ጋር መግባት ነው። ስድስት ሰባት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ቀድማችሁ አስይዙ። ትንንሽ ቤቶች ጠቅላላ ወንበራቸው ከአሥር የማይበልጥበት ጊዜ አለ።

ወንበሩ ሥር ቅርጫት ካያችሁ ለቦርሳችሁ ነው። በሩ ጋ ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ካለ ጫማ ይወለቃል። ያልተቀደደ ካልሲ ይኑራችሁ።

3. እጅ መታጠብ፣ ውሃ፣ አጠራር

እኛ ማስታጠቢያ ስንፈልግ እነሱ እርጥብ ፎጣ ያመጣሉ። ኦሺቦሪ ይሉታል። በብርድ ወራት ትኩስ፣ በሙቀት ወራት ቀዝቃዛ ነው። የእጅ ብቻ ነው። ፊትና አንገት አይጠረግበትም። ውሃ በነጻ ይቀርባል። ካላመጡላችሁ ራሳችሁ የምትቀዱበት ማሰሮ በአቅራቢያችሁ አለ ማለት ነው።

አስተናጋጅ ለመጥራት እጅ አይጨበጨብም። "ሱሚማሰን!" ትላላችሁ፤ "ይቅርታ" እንደማለት ነው። ድምፃችሁን ከፍ አድርጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እያሉ አስተናጋጅ እስኪያያቸው የሚጠብቁ ወገኖች አይቻለሁ። አይመጣም። እዚያ ካልጠሩት አይመጣም፤ ደንበኛን አለማስቸገር ነው ለእነሱ። ብዙ ቤት ጠረጴዛው ላይ የደወል ቁልፍ አለ።

ቾፕስቲክ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። አንዱን ነግሬያችኋለሁ። ሁለተኛው፣ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ አለመሰካት ነው። ያም ለሟች የሚቀርብ ምግብ ላይ ነው የሚደረገው። ሌላውን ስህተት ሁሉ ይቅር ይሏችኋል። ካቃታችሁ ሹካ ጠይቁ፤ ቃሉ "ፎኩ" ነው።

4. የማትበሉትን ቀድማችሁ ተናገሩ

እዚህ ላይ ልዘግይ። ለእኛ ከባዱ ይሄ ነው።

ፍልሰታ ላይ አንድ ራመን ቤት ገባሁ፤ ራመን በሾርባ የሚቀርብ ኑድል ነው። "ኒኩ ናሺ" አልኩ፤ "ያለ ሥጋ" ማለት ነው። አብሳዩ በትሕትና እሺ አለ። የመጣልኝ ሳህን ላይ አንዲት ቁራጭ ሥጋ አልነበረችም። ሾርባው ግን ነጭ፣ ወፍራም፣ ከንፈር የሚያጣብቅ ነበር። በኋላ ስጠይቅ ከአሳማ አጥንት ለሰዓታት የተቀቀለ ነው። አብሳዩ አልዋሸኝም። እኔ የጠየቅኩት ስለ ሥጋ ነው። ስለ ሾርባ አልጠየቅኩም። ለብዙ ጃፓናዊ "ኒኩ" ማለት የሚታይ የሥጋ ቁራጭ ነው። መረቁ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መሆን ያለበት ስለ መረቁ ነው። "ቡታ" አሳማ ነው። "ቡታ ኖ ዳሺ ሃይተ ኢማስካ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "የአሳማ መረቅ አለበት ወይ?" ማለት ነው። በስልካችሁ የትርጉም መተግበሪያ በጃፓንኛ አስጽፋችሁ ፎቶውን መያዝ ይሻላል። ስሙን አይቶ መለየትም ይቻላል። ቶንኮትሱ የአሳማ አጥንት መረቅ ነው። ቶንካትሱ ተጠብሶ የሚቀርብ የአሳማ ሥጋ ነው። ቻሹ ራመን ላይ የሚጣለው የአሳማ ቁራጭ ነው። ጊዮዛ የሚባለው ሳምቡሳ የሚመስለው ነገርም ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። የዶሮ መረቅ የሚሠራ ራመን ቤት አለ፤ ግን እዚያም ቻሹ ከላይ ሊጥልበት ይችላል።

ለጾም ዋናው ጉዳይ ዳሺ ነው። ዳሺ የጃፓን ወጥ ቤት መሠረት ነው። ለእኛ ቁሌት እንደሆነው። ብዙውን ጊዜ ደርቆና ታጥኖ ከተፋቀ ዓሣና ከባሕር አረም ይወጣል። ከአኩሪ አተር በሚሠራው የሚሶ ሾርባ ውስጥ አለ። የኑድል መረቅ ውስጥ አለ። ንጹሕ አትክልት የሚመስል ቅቅል ውስጥም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለእናንተና ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። ጨርሶ ለማይበላ ሰው ግን "ሾጂን ሪዮሪ" የሚለውን ቃል ያዙ። የቡድሃ ገዳማት ምግብ ነው። ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም የለበትም። ዳሺው ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው። ከቶኪዮ ርቆ ዋካያማ ውስጥ ባለው ኮያሳን ተራራ ላይ ያሉ ገዳማት ለእንግዳ ያቀርቡታል። ገዳማውያን የሚበሉትን ጾመኛ ይበላዋል፤ ስበላው እንግድነት አልተሰማኝም። ፈጣን ነገር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ፣ ከትኬቱ በር ወዲያ፣ ቲስ ታንታን የሚባል ከእንስሳ ነጻ የሆነ ራመን ቤት አለ።

ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ለማይበላም ዝርዝሩ ይሄው። ኤቢ ሽሪምፕ ነው። ታኮ ኦክቶፐስ፣ ኢካ ስኩዊድ፣ ካኒ ሸርጣን ነው። ኡናጊና አናጎ እባብ የሚመስሉ ዓሦች ናቸው። ሆታቴ ዛጎል ውስጥ ያለ ሥጋ ነው። እነዚህን ተዉ። ማጉሮ (ቱና)፣ ሳሞን፣ ታይ፣ አጂ ክንፍም ቅርፊትም አላቸው።

ሙስሊም ለሆናችሁ ከአሳማው ሌላ ሳኬና ሚሪን የተባሉት የሩዝ መጠጦች አሉ። ለማጣፈጫ ብዙ ወጥ ውስጥ ይገባሉ። እየጠየቁ ከመድከም ሐላል የሚል ምልክት በሩ ላይ የለጠፈ ቤት መፈለግ ይቀላል። አሳኩሳና ሺንጁኩ አካባቢ ይገኛሉ።

5. ራመን፦ መጀመሪያ ማሽኑ

ብዙ ራመን ቤት በር ላይ የትኬት ማሽን አለ። ገንዘብ ታስገባላችሁ፣ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ትኬት ይወጣል፣ መልሳችሁን ትወስዳላችሁ። ትኬቱን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ምን እንደሚያዝዝ ላላወቀ ሰው አንድ ምክር አለ፦ ከላይ በግራ በኩል ያለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ የሚታወቅበት ምግብ ነው። የአንድ ሺህ የን ኖቶች ያዙ። ትልልቅ ኖት የማይቀበል ማሽን ሞልቷል። በጁላይ 2024 አዲስ ኖት ስለወጣ አሮጌ ማሽኖች አዲሱን የሚመልሱበት ጊዜም አለ።

አብሳዩ ቀና ብሎ አንድ ነገር ቢጠይቃችሁ ስለ ኑድሉ ጥንካሬ ወይም ስለ ቅመሙ ሊሆን ይችላል። "ፉትሱ" በሉት፤ "መደበኛውን" ማለት ነው። ሲመጣ ቶሎ ብሉ፤ ኑድሉ ይበላሻል። ድምፅ እያሰሙ መሳብ ነውር አይደለም። ልጅ ሆነን "አታሰማ!" የተባልነውን እዚያ ሁሉም ያሰማል። ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው ተነሡ። ከበሩ ውጭ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ራመን ቤት የወሬ ቦታ አይደለም።

6. ሱሺ፦ በእጃችሁ ብሉ

ሱሺ አብዛኛውን ጊዜ ሩዝ ላይ የተቀመጠ ጥሬ ዓሣ ነው። ቁርጥ የሚበላ ሕዝብ ጥሬ ዓሣ ሊፈራ አይገባም። ዋሳቢ የሚባለውን አረንጓዴ ማቃጠያም አትፍሩ፤ ሰናፍጭ ያደገበት ሰው ያውቀዋል። ምላስ ላይ አይቆይም፣ ወደ አፍንጫ ይወጣል። የሁለቱም ኃይል ከአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው የሚመጣው። ካልፈለጋችሁት "ሳቢ ኑኪ" በሉ።

በጣም ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፦ ሱሺ በእጅ ይበላል። ነውር የለውም፤ ድሮም እንዲሁ ነው። ቁራጩን በጣታችሁ ያዙ፣ ገልብጡት፣ ዓሣውን ብቻ አኩሪ አተር መረቅ ላይ ነካ አድርጉ፣ በአንዴ ጉረሱ። ሩዙን ከነከራችሁት ይፈርሳል። ሮዝ ቀለም ያለው የተቆረጠ ዝንጅብል ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ስትሻገሩ አፍ ማጽጃ ነው። አብሮ አይጎረስም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሺው በሚሽከረከር ቀበቶ የሚመጣበትን ቤት ምረጡ። ሺራይሺ ዮሺአኪ የተባለ ሰው በ1958 ኦሳካ አካባቢ የጀመረው ነው። ሐሳቡ የመጣለት ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶች በቀበቶ ሲሄዱ አይቶ ነው። አሁን ብዙዎቹ ቤቶች በታብሌት ያሳዝዛሉ፤ ያዘዛችሁት ሳህን እየከነፈ ፊታችሁ ይቆማል። ታብሌቱ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል። ሥዕል አለው፣ ዋጋ አለው። ሂሳቡ ሳህን በመቁጠር ነው።

አደራ አንድ ነገር። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቧንቧ ታያላችሁ። እጅ መታጠቢያ አይደለም! የሚወርደው የፈላ ውሃ ነው። አጠገቡ አረንጓዴ የሻይ ዱቄት አለ፤ ሻይ የምታፈሉበት ነው። እኛ ከምግብ በፊት የምንፈልገው ቧንቧ ስለሆነ ዓይናችን እሱ ላይ ይወድቃል።

7. ኪሳተን፦ ቡናችንን ፈልጉ

ቶኪዮ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ወደ ኪሳተን ነው የምልከው። አሮጌ ቡና ቤቶች ናቸው። በጃፓን የመጀመሪያው በ1888 ኡኤኖ ላይ ተከፈተ። የእንጨት ባንኮኒ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ። ስልክ አይወራበትም። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ማዘዝ አለበት።

ዝርዝሩ ላይ "ሞካ" የሚል ፈልጉ። ሞካ የየመን ወደብ ነው። የእኛ ቡና በዚያ በኩል ስለወጣ ጃፓን ውስጥ የኢትዮጵያ ቡና እስከ ዛሬ በወደቡ ስም ይጠራል። ከስሙ ኋላ ሲዳሞ ወይም ሐረር የሚል ካለ ጥርጥር የለውም። አዳዲሶቹ ቤቶች ይርጋጨፌና ጉጂ ብለው ይጽፋሉ።

አንድ ኪሳተን ውስጥ ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። የምታንጠባጥብ የጨርቅ ማጥለያ በግራ እጃቸው ያዙ። በቀኛቸው ቀጭን አፍ ካለው ማንቆርቆሪያ ክር የምታህል ውሃ እየለቀቁ ቡናውን አዞሩት። ቡናው እንደ ሊጥ ተነፋ። ቆሙ። ጠበቁ። ደግመው ለቀቁ። አንድ ስኒ ለማውጣት ደቂቃዎች ፈጀባቸው፤ አንዴም ዓይናቸውን አላነሡም። ቡና አጥባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበና ጥዳ የምታፈላ እናት ላሳደገችው ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ "ኤቺዮፒያ" አልኩ። "አበበ!" አሉ። በጃፓን የእሳቸው ዕድሜ ያለው ሰው አበበ ቢቂላን ያውቃል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ፣ ሜዳው ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሣ ሰውነቱን ሲያፍታታ አይተዋል። ባዶ እግሩን የሮጠው በ1960 ሮም ላይ ነው፤ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነበር። እሳቸው ግን "ባዶ እግሩ አበበ" እያሉ ነው የሚጠሩት። አላረምኳቸውም።

አንድ ስኒ ከ500 እስከ 800 የን ያወጣል። ውድ ነው፤ ግን ወንበሩን ጭምር ነው የምትከራዩት። ቶናና በረካ የለም፣ አቦል ብቻ ነው። ጠዋት ከሄዳችሁ "ሞኒንጉ" ጠይቁ። በቡናው ዋጋ፣ ወይም ጥቂት ተጨምሮበት፣ ወፍራም ቶስትና የተቀቀለ እንቁላል አብሮ ይመጣል። ልማዱ የጠነከረው ናጎያ ከተማ ላይ ነው። በ1968 እዚያ የተጀመረው ኮሜዳ ካፌ ቶኪዮ ላይም ስላለ እዚያ ብትሞክሩት ይቀላል።

8. ማታ ኢዛካያ ከገባችሁ

ኢዛካያ መጠጥና ትንንሽ ምግብ የሚቀርብበት ቤት ነው። ጫጫታ አለው፣ ሳቅ አለው፤ የእኛን ቤት ይመስላል። ምግቡ መሐል ተቀምጦ ሁሉም ይካፈላል። ከተቀመጣችሁ ወዲያው ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ይመጣል። ኦቶሺ ነው። በሰው 300 እስከ 500 የን ሂሳባችሁ ላይ ይገባል። ማጭበርበር አይደለም፤ የወንበር ዋጋ በሉት። ከጋራው ሳህን ስትወስዱ ማንሻ ካለ በእሱ አንሥታችሁ ራሳችሁ ሳህን ላይ አድርጉ።

9. ሂሳብ

ሂሳብ የሚከፈለው መውጫው ጋ ባለው ካሸር ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ገንዘቡን በእጅ አትስጡ፤ ትንሽ ትሪ አለች፣ እሷ ላይ አድርጉ። ለየብቻ ለመክፈል "ቤትሱ ቤትሱ" ይባላል። "በሞቴ፣ ዛሬ የኔ ነው!" እያሉ ካሸሩ ፊት መጎተት ግን ወረፋውን ያስጨንቃል። መጋበዝ ከፈለጋችሁ ጓደኛችሁ ከመነሣቱ በፊት ቀደም ብላችሁ ክፈሉ።

ስትወጡ "ጎቺሶሳማ ዴሺታ" በሉ። "ጥሩ ጋበዛችሁን" እንደማለት ነው። ከጉርሻ በላይ የሚያስደስታቸው ይሄ ቃል ነው። ራመን ቤት ከሆናችሁ ሳህናችሁን ከፍ ወዳለው ባንኮኒ አንሡት፣ የፈሰሰውን በጨርቁ ጠረግ አድርጉ፣ ከዚያ ቃሉን በሉ። ጭስ ውስጥ ያለው አብሳይ ቀና ብሎ ያያችኋል።

እንጀራ ሲያምራችሁ ደግሞ በምሥራቅ ቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ የሚባል ሰፈር አለ። ወገኖቻችን የሚኖሩበት ነው። ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ምግብ ቤትም አላቸው። በኬይሴይ ባቡር ዮትሱጊ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ትንሽ ቤት ናትና ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።